ገበሬው ፓርላማ ሲገባ ቡናውን ማን ይለቅማል?

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 58 እና የጅማን የቡና ወቅት ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። አንቀጹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ ሥራውን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል ይላል። ቡናው ደግሞ መስከረም ሲያልቅ መቅላት ይጀምራል። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ለቀማ ነው። ስለዚህ ማና ወይም ጎማ በሚባሉት የጅማ ወረዳዎች አንድ ሄክታር ቡና ያለው ገበሬ ተመርጦ አራት ኪሎ ቢገባ፣ ወንበሩን የሚይዘው የዓመት ገቢው ዛፍ ላይ በሚቀላበት ሰሞን ነው።

ነገሩ አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለው። መስከረም 24 ቀን 2014 ሥራ የጀመረው ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመኑን እያገባደደ ነው። ምርጫ በቀረበ ቁጥር በጅማ ሻይ ቤቶች "ከገበሬው መሃል ሰው እንላክ እንጂ" የሚል ሰው አይጠፋም። አጠገቡ ያለውም "እውነት ነው" ይላል። የተላከው ሰው እንዴት አድርጎ ገበሬ ሆኖ እንደሚቆይ ግን ማንም አይጠይቅም። ሁለት ወቅት ለቀማ ያመለጠው ገበሬ በሦስተኛው ዓመት ወይ ቡናውን ለዘመድ ሰጥቷል፣ ወይ በእኩል አስይዟል፣ ወይ ከተማ ቤት ተከራይቶ ልጆቹን አስመጥቷል። ከዚያ በኋላ ስለ ቡና ሲናገር የሚናገረው ከትዝታ ነው።

ሕጉ ገበሬውን አይከለክልም፤ ይሄን አስቀድመን እንዝጋው። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ዕጩ 21 ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃል። ዲግሪ አይጠይቅም። "ያልተማረ ምን ያደርጋል እዛ" የሚለው ክርክር የሰዉ እንጂ የሕጉ አይደለም። እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

እሱን ለማየት አንድ የሩቅ አገር ሰው ላምጣ። ጆን ቴስተር ይባላል፤ አሜሪካ፣ ሞንታና ግዛት ውስጥ ቢግ ሳንዲ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የሚያርስ ገበሬ ነው። (ስለ እሱ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መሬቱን በ1912 የያዙት አያቶቹ ነበሩ። 1,800 ኤከር ነው፤ በእኛ ወደ 730 ሄክታር ይሆናል። በዘጠኝ ዓመቱ የቤተሰቡ የሥጋ መፍጫ ማሽን የግራ እጁን ሦስት ጣቶች ወሰደበት። አድጎ ሙዚቃ አስተማረ፣ የቤተሰቡን የሥጋ ሥራ ያዘ፣ አረሰ። መጀመሪያ ሕዝብ የመረጠው ለከተማዋ ትምህርት ቤት ቦርድ ነው። በ1998 ለግዛቲቱ ሴኔት ተመረጠ፤ ራሱ ሲናገር ያነሳሳኝ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት የመብራት ገበያውን ለነጋዴ ለቆ ዋጋው መናሩ ነው ይላል። በ2005 የዚያው ሴኔት ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2006 ለአገር አቀፉ ሴኔት ተወዳድሮ ነባሩን ኮንራድ በርንስን በ3,500 ገደማ ድምፅ ብቻ ጣለው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ተመረጠ። በ2024 በቲም ሺሂ ተሸነፈና 18 ዓመት የተቀመጠበትን ወንበር ለቀቀ።

ስለ ሰውዬው ሲወራ ሰው የሚይዘው የተቆረጡት ጣቶቹን ነው። የምርጫ ማስታወቂያም እሱን ይወዳል። እኔ ግን ልቤን የሳበው አንድ ደረቅ የሥርዓት ነገር ነው። የሞንታና ምክር ቤት በየዓመቱ አይሰበሰብም። በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚሰበሰበው፤ ቢበዛ ለ90 የሥራ ቀናት፤ የሚጀምረውም በጥር ነው። በዚያ ወቅት የሞንታና መሬት በበረዶ ደርቋል፣ የሚታረስም የሚታጨድም የለም። ገበሬው ሄዶ ሕግ ያወጣል፣ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ትራክተሩ ይመለሳል። ቴስተር ስምንት ዓመት በዚህ ዓይነት ተመላልሷል። ዋሽንግተን ሲገባ ፖለቲካን የለመደ ሰው ነበር፤ እርሻውንም አልለቀቀም። ከዚያ ወዲያ ነው በአውሮፕላን እየተመላለሰ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በእረፍቱ ቀን ሲያርስ የኖረው። ተቃዋሚዎቹ "ዋሽንግተን ለውጦታል" እያሉ ነበር የሚያጠቁት፤ 18 ዓመት ትንሽ አይደለምና ክሱ ሰሚ አላጣም። ሆኖም የስንዴ መሬቱ በሰው እጅ አልገባም።

"እሱ ማሽን አለው" ብትሉኝ ትክክል ናችሁ። እዚህ ጋ ነው የጅማው ነገር የሚከፋው። ስንዴ በኮምባይነር በጥቂት ቀን ይነሳል። ቡና እንደዚያ አይሆንም። ቅርንጫፉ ላይ አንዷ ፍሬ ቀልታ አጠገቧ ያለችው ገና አረንጓዴ ናት። ወደዚያው ዛፍ በአንድ ወቅት ሦስት አራት ጊዜ መመለስ አለ። ለቃሚ ይቀጠራል፤ ከዳውሮም ከከምባታም ለወቅቱ የሚመጣ ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ክፍያው በኪሎ ስለሆነ ዓይን የሌለበት ለቃሚ ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ጠራርጎ ያወርደዋል። እሸቱ ደግሞ በዚያው ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ለታጠበ ቡና አይሆንም። ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ይሁን ብለህ ብታሰጣውም አልጋው ላይ የሚያገላብጠው፣ ዝናብ ሲመጣ የሚሸፍነው ይፈልጋል። ማታ ሌባ አለ። ዋጋው ጠዋት ሌላ ነው፣ ከሰዓት ሌላ። በዚህ ሁሉ መሃል ባለቤቱ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ የቋሚ ኮሚቴ ሪፖርት እያዳመጠ ነው። በቆሎ ቢሆን ጎረቤት በደቦ ይደርስለት ነበር፤ በቡና ወቅት ግን ጎረቤቱም የራሱን ቡና ነው የሚለቅመው።

ምክር ቤቱ በዓመቱ መሃል የአንድ ወር እረፍት አለው። ብዙውን ጊዜ የሚውለው የካቲት ላይ ነው። የካቲት ጅማ ብትመጡ ለቀማው አልቋል፣ ጀንፈሉ ተሽጧል፣ ገንዘቡም ወይ ለሠርግ ወይ ለቆርቆሮ ወጥቷል። ተመራጩ መጥቶ ሕዝቡን "ችግራችሁ ምንድን ነው" ሲል የሚሰማው የመንገድና የመብራት ጥያቄ ነው። የሚዛን ማጭበርበሩ፣ ሰብሳቢው በኪሎ ላይ የቀነሰው፣ መፈልፈያው በር ላይ ያደረው ሰልፍ ያኔ አልፏል። ሰው ያለፈውን አይከስም፤ ለሚቀጥለው ያስባል።

ገበሬ ቢገባ ምን ይጨምራል ለሚለኝ እንደገና ወደ ቴስተር ልመለስ፤ በዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2010 የአሜሪካ ምክር ቤት የምግብ ደኅንነት ሕጉን ሲያሻሽል ረቂቁ የተጻፈው ትልልቆቹን አምራቾች እያሰበ ነበር። ቴስተር አንድ ማሻሻያ አስገባ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ዶላር በታች የሆነ፣ አብዛኛውንም በቀጥታ ለተመጋቢው ወይም እዚያው አካባቢ ላለ ሱቅና ምግብ ቤት የሚሸጥ ገበሬ ከከባዱ የወረቀት ግዴታ ነፃ እንዲሆን። አለፈ። እስከዛሬ በስሙ ነው የሚጠራው። ትክክል ነው አይደለም ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ደኅንነት ለትንሹም ለትልቁም እኩል ነው የሚሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ጥያቄው መነሳቱ ነው። "ይሄን ፎርም የሚሞላው ማነው? በየትኛው ሰዓቱ?" ብሎ መጠየቅ የሚመጣለት ራሱ ፎርሙ የሚጠብቀው ሰው ነው።

የእኛን የቡና ሕጎች በዚህ ዓይን ተመልከቷቸው። በ2000 የወጣው አዋጅ 602 ቡናውን ከትንሽ ልዩነት በስተቀር ወደ ምርት ገበያ አስገባው፤ በ2001 ቡና እዚያ መገበያየት ጀመረ። ክፍያው ፈጥኖ የሚደርስ፣ ዋጋው በአደባባይ የሚታይ መሆኑ ጥሩ ነበር። በሌላ በኩል አንዱ ተጠንቅቆ በቀይነቱ የለቀመው ከሌላው ጋር መጋዘን ውስጥ ተደባልቆ የደረጃ ስም ብቻ ይዞ ወጣ። በዓለም ገበያ "ጅማ 5" ተብሎ የሚታወቀው ደረቅ ቡና የዚህ አካባቢ ነው፤ የማን ማሳ እንደሆነ የሚናገር ግን ምንም የለውም። አምራቹ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልክ በሩን የከፈተው አዋጅ 1051 የመጣው በ2009 ነው። መሃል ላይ ዘጠኝ ዓመት አለ። ኮሚቴው ውስጥ የራሱ ጀንፈል የተደባለቀበት ሰው ቢኖር ጥያቄው ቀድሞ ይነሳ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን በር ላይ ያለው ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ነው። ከፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና አንቀበልም፣ እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በካርታ ነጥብ አሳዩን ይላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተራዝሟል፤ አልቀረም። ጌራና በለጠ ጫካ ውስጥ ቡናው ከጥላ ዛፍ ስር፣ ከደኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚያድገው። የቱ ደን ነው፣ የቱ የቡና ማሳ? ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው ነጥቡን ማን ሄዶ ይለካለታል፣ ለክቶስ መረጃው የማን ይሆናል፣ የላኪው ወይስ የገበሬው? ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ቡናውን ከ90 በመቶ በላይ የሚያመርተው ትንሹ ገበሬ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ምክር ቤት ውስጥ ሲነሳ ከመሥሪያ ቤት የመጣ አቀራረብ ብቻ መስማት የለብንም። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ 1324 የመሬት ተጠቃሚነት መብትን ለብድር ማስያዝ ሲፈቅድም ያው ነው፤ የመሬት ደብተሩን ባንክ ማስያዝ ምን እንደሚያስፈራ የሚያውቀው ደብተሩ ያለው ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ልለፈው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ተወካዮቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹሞች ነበሩ፤ ገበሬው በየትም በኩል የለም። በ1948 ተሻሽሎ ሕዝቡ እንዲመርጥ ሆነ፤ ዕጩው ግን በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ጭሰኛ መምረጥ ይችላል እንጂ መመረጥ በተግባር የባለርስቱ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያፈርስ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። በ1979 ለተመረጠው 835 አባላት ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ከዕጩ አቅራቢዎቹ አንዱ የገበሬ ማኅበር ነበር። በወንበር ቁጥር ካየነው ገበሬው ያኔ ቦታ አግኝቷል። ምን መናገር ይችል ነበር የሚለውን ያንን ዘመን የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ዛሬው ስንመጣ ትልቁን ስብራት የማየው ከታች ነው። በወረቀት ላይ መሰላሉ አለ፤ የቀበሌ ምክር ቤት፣ የወረዳ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ፣ ከዚያ የተወካዮች ምክር ቤት። የቀበሌውና የወረዳው ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነው። በ2010 መደረግ ነበረበት፤ ተራዘመ፣ ከዚያ ወዲህም አልተደረገም። ይሄ ማለት በ2005 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ወጣት ገበሬ ዛሬ ሚስት አግብቶ፣ ቡና ተክሎ፣ ለቀበሌው ምክር ቤት እንኳን ተወዳድሮ የማያውቅ ነው። የመረጠውም የለም፣ ያልመረጠውም የለም። የቢግ ሳንዲው ገበሬ ከትምህርት ቤት ቦርድ ነው የጀመረው። የእኛው ከየት ይጀምር? ቤቱ አጠገብ ሆኖ፣ ቡናውን እየለቀመ፣ ስብሰባ መምራትና በሰው ፊት መሸነፍ የሚማርበት ቦታ ተዘግቷል።

የቀረው መንገድ የሹመት መንገድ ነው። ሞዴል አርሶ አደር ትባላለህ፣ ስብሰባ ትጠራለህ፣ የቀበሌ አመራር ትሆናለህ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ትገባለህ፣ በርቀት ዲፕሎማ ቀጥሎም ዲግሪ ትይዛለህ፣ ፓርቲው ዕጩ ያደርግሃል። በዚህ መንገድ ጎበዝ ሰዎች ወጥተዋል፤ ልናቃልላቸው አይገባም። ግን አራት ኪሎ የሚደርሰው ሰው የልምድ ማስረጃው የቢሮ ነው። ከዚሁ ከጅማ የወጡትን ከሁሉ የሚታወቁትን ተመራጭ ውሰዱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የበሻሻ ልጅ ናቸው፤ በ2002 አጋሮን ወክለው ምክር ቤት የገቡት በመከላከያና በመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) በኩል አልፈው ነው። የቡና አገር ልጅ መሆንና በቡና መተዳደር ይለያያል። አገራችን ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል ገጠር የሚኖርባት ስለሆነች "የገበሬ ልጅ ነኝ" የማይል ፖለቲከኛ ማግኘት ራሱ ይከብዳል።

አንድ ያልተነካ ቦታ ግን አለ፤ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ። አጋሮ ያለውን የከታ ሙዱጋ ዩኒየን ወይም ሊሙ ገነት ያለውን የሊሙ ኢናራን አስቡ። በማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፤ ሃያ ኩንታል ያስገባውም ሁለት ኩንታል ያስገባውም እኩል እጁን ያነሳል። ሊቀመንበሩ ትርፍ ክፍፍሉን በጉባኤ ፊት ያስረዳል፣ ቁጥጥር ኮሚቴው ይጠይቀዋል፣ ካልጣማቸው ያወርዱታል። ሒሳብ ያነባል፣ ከባንክ ጋር ይደራደራል፣ ከውጭ ገዢ ጋር ይነጋገራል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ቡናውን አልተወም፤ ቢተው አባልነቱም ይቀራል። እኔ የፓርቲ ዕጩ መራጭ ብሆን መጀመሪያ የማንኳኳው በር ይሄ ነው። ሴት ገበሬዎችን ግን እዚህም በሊቀመንበርነት ብዙ አታገኙም። ለቀማውን፣ ማድረቁን፣ ማበጠሩን የያዙት እነሱ ሆነው የአባልነት ደብተሩ በባል ስም ስለሚገባ፣ ጉባኤ ላይ ድምፅ ያለው ባል ነው። ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

"ገብቶስ ምን ይለውጣል? ፓርቲው ያለውን ነው የሚያጨበጭበው" የሚለኝ ይኖራል። ቀላል ክርክር አይደለም። በ2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን የያዘው ብልጽግና ነው፤ በኦሮሚያ ኦነግና ኦፌኮ አልተወዳደሩም። አብዛኛውም ረቂቅ ሕግ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አንቀጽ 54 አባሉ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል፤ በሰጠው ድምፅም አይከሰስም። በተግባር የፓርቲ ዲሲፕሊን ከኅሊና ይቀድማል። እኔ ግን የአንድ ገበሬ ጥቅም የሚታየው በድምፅ መስጫው ቀን አይመስለኝም። ረቂቁ ለግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ፣ ካሜራ በሌለበት፣ "ይሄ አንቀጽ ኅዳር ላይ እንዴት ይሠራል?" ብሎ ሲጠይቅ ነው። ለዚህ ፓርቲውን መቃወም አያስፈልገውም። እርሻው ላይ መዋል ግን ያስፈልገዋል። ቋንቋውም አለ፤ ቤቱ በአፋን ኦሮሞ የሚኖር ሰው ረቂቁን የሚያገኘው በሕግ ባለሙያ አማርኛ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ እንኳ ነጋሪት ጋዜጣ ሁለቴ ሳናነብ አይገባንም።

የጊዜውን ነገር ማስተካከል የሚቻል ነው የምለው ለዚህ ነው። አንቀጽ 58ን አንብቡት፤ ምክር ቤቱ በዓመቱ መሃል የአንድ ወር እረፍት ሊያደርግ ይችላል ይላል እንጂ የትኛው ወር እንደሆነ አይናገርም። የካቲት የሆነው በአሠራር ነው። እረፍቱ ወደ ኅዳር ቢመጣ ሕገ መንግሥት አይነካም፣ በጀትም አይጠይቅም። ቡናው ያኔ በለቀማው መሃል ነው፤ በደጋው ጤፉ የሚታጨደውም ያኔ ነው። ለሁሉም አይስማማም፣ አውቃለሁ። የቦረና አርብቶ አደር የራሱ የጭንቅ ወር አለው፤ የጉጂና የጌዴኦ ቡና ከእኛ ትንሽ ይዘገያል። ደግሞም አንድ ወር ሦስት ወር ለቀማን አይሸፍንም። ነገር ግን ተመራጩ ኅዳር ላይ ማሳው ውስጥ ከዋለ፣ ገበሬ ያልሆነውም ወደ ምርጫ ክልሉ ሲሄድ ሚዛኑ ሲመዘን፣ ጭቅጭቁ ሲነሳ፣ ለቃሚው ሒሳቡን ሲጠይቅ ይደርሳል። ጅማ ከተማ ሂርማታ ገበያ ላይ አንድ ጠዋት ቢቆም የሚሰማው ነገር ከየካቲቱ ስብሰባ አዳራሽ አይገኝም።

የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ገንዘብም ሰላምም ፍላጎትም ይጠይቃል። እረፍቱን ማዛወር ግን የምክር ቤቱ የራሱ የአሠራር ጉዳይ ነው፣ ራሱ ተሰብስቦ መወሰን ይችላል። አዲስ የሚመረጠው ምክር ቤት መስከረም መጨረሻ ላይ ሥራ ሲጀምር ኅዳር እስኪገባ አምስት ሳምንት ያህል ይኖረዋል።